ጥቅሱን ብቻውን አታቁሙት፦ ስለ ሥነ ጽሑፍ ስንጽፍ የምናበዛቸው ስህተቶች

ስለ ልቦለድ ወይም ስለ ግጥም የሚጻፍ አስተያየት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጥቅስ አንሶት አይደለም። ጥቅሱማ አለ፤ ከጸሐፊው ዐረፍተ ነገር ጋር ግን አልተዋወቀም።

ለማሳያ የሚሆን አንድ ታሪክ እንፍጠር። አልጋነሽ የምትባል እናት አለች። ልጇ ተሰዶ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ምሽት ጎረቤቶቿን «በሩን አትቆልፉት፤ ልጄ ቁልፍ አልያዘም» ትላቸዋለች።

የመጀመሪያው ስህተት ጥቅሱን ወርውሮ መሄድ ነው። ጸሐፊው «አልጋነሽ ተስፋ አልቆረጠችም» ይልና አራት ነጥብ ያደርጋል። ከዚያ ጥቅሱ ብቻውን ይቀመጣል። ቀጥሎ «ይህ ጥቅስ ልጇን እንደምትናፍቅ ያሳያል» ይመጣል። ማን ተናገረው? ለማን? መቼ? አንባቢው ራሱ ይገጣጥም ተብሎ ተትቷል። እንዲህ ቢሆንስ፦ አልጋነሽ ዓመታት ካለፉ በኋላም ልጇ «ቁልፍ አልያዘም» ብላ በሯን ሳትቆልፍ ታድራለች። ሦስቱም ጥያቄዎች ባይመለሱም ዋናው ተመልሷል፤ ጥቅሱም የዐረፍተ ነገሩ አካል ሆኗል።

ረጅም ጥቅስ ደግሞ በአማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «አለች» እስኪደርስ ድረስ አንባቢው የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ አያውቅም። ጥቅሱ አጭር ከሆነ ግድ የለም። አምስት መስመር ሲሆን ግን አንባቢው ጨርሶ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያነብ ነው። ስለዚህ ተናጋሪዋን አስቀድሙ፤ «አልጋነሽ ለጎረቤቶቿ እንዲህ ትላለች፦» በሉ። ወይም ጥቅሱን ቁረጡት። እኔን ከጠየቃችሁኝ መቁረጡ ይሻላል። ከአምስቱ መስመር የምትፈልጉት ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል ነው።

ትምህርተ ጥቅሱን መርሳትም አለ። «አልጋነሽ ልጄ ቁልፍ አልያዘም ትላለች» ብለን ስናወራ ችግር የለውም፤ ድምፃችን ይለየዋል። ወረቀት ላይ ግን «ልጄ» የማን ልጅ ነው? የጸሐፊው ይመስላል እኮ። ወይ ምልክቱን አድርጉ፣ ወይ «ልጇ ቁልፍ እንዳልያዘ ትናገራለች» ብላችሁ በራሳችሁ ቃል አስቀምጡት። ግማሹን በእሷ አፍ፣ ግማሹን በራስ አፍ ማድረግ ነው የሚያደናግረው።

«በማለት ተናግራለች»፣ «ሲሉ ገልጸዋል» የዜና ቋንቋ ነው። ሰው ልቦለድ ውስጥ ይማጸናል፣ ያሾፋል፣ ይሸነግላል። ግሱን በዚያ ምረጡት።

ከጥቅሱ በኋላ ጥቅሱን መድገም ግን ከሁሉም ይብሳል። «ልጇ ቁልፍ እንደሌለው ትነግራቸዋለች» ማለት ምን ይጨምራል? አሁን አንብበነዋል። ይልቅ አንድ ቃል ያዙ። «አልያዘም» የሚባለው ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚመለስ ሰው ነው። አልጋነሽ ዓመታቱን እንደ አንድ ቀን እየቆጠረቻቸው ነው። ትንታኔ የሚጀምረው እዚህ ነው። ይህን ሳያደርግ ሦስት ጥቅስ የደረደረ ተማሪ ገጽ ሞላ እንጂ ምንም አልጻፈም።

ግጥም ሲጠቀስ ስንኝ እንዳይጎመድ። ይህን የቆየ ሰምና ወርቅ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ የጠቀሰ ሰው ጨዋታውን ግማሽ ላይ ጥሎታል። ስቅለቱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ የአፍቃሪው ልብ የተሰቀለውም እዚያው። ቤቱም የሚመታው በሁለቱ ነው። በዐረፍተ ነገር መሀል ካስገባችሁት ደግሞ በስንኞቹ መካከል እዝባር (/) አድርጉ፤ እንደ ዝርው አታስተኙት።

አንድ ቀረ፤ የገፀ ባሕርይን ቃል ለደራሲው መስጠት። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሳ የዘመኑን ሥርዓት አምርሮ ይተቻል። አንባቢ ቶሎ ብሎ «ሐዲስ ዓለማየሁ እንዲህ ይላሉ» ብሎ ይጽፋል። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ የሚናገሩትን የጻፉትም እኮ ሐዲስ ናቸው፤ ያንን የደራሲው እምነት ነው የሚል ግን አላየሁም። «ጉዱ ካሳ ይላል» በቂ ነው። ደራሲው ከእሱ ጋር ይስማማሉ ለማለት ታሪኩ ማንን እንደሚደግፍ፣ ማንን እንደሚቀጣ ማሳየት ያስፈልጋል።