ሴማዊ መልክ ያለው አዲስ ቋንቋ እንዴት ይፈጠራል?

አዲስ ቋንቋ ሊፈጥሩ የሚነሡ ብዙዎች የዐረብኛና የዕብራይስጥ ቃላት ሰብስበው ድምፃቸውን በመለዋወጥ ይጀምራሉ። ይህ አያዋጣም። የሴማዊ ቋንቋ ጠባዩ ሥር (ዋናውን ትርጉም የያዙት ተነባቢዎች) እና ቅርጽ (በእነሱ ላይ የሚገቡት አናባቢዎችና ቅጥያዎች) በሚጋጠሙበት ቦታ ነው፤ ሥራዎን ከዚያ ይጀምሩ።

በመጀመሪያ ድምፆችን ይምረጡ። ከ20 እስከ 25 ተነባቢዎች ይበቃሉ። አናባቢዎቹ ጥቂት ይሁኑ፤ ጥንታዊው ዐረብኛ ሦስት አጭርና ሦስት ረጅም ብቻ ነው ያለው። አንድ ረድፍ ጠንካራ ድምፅም ያስፈልግዎታል። እንደ ግዕዝና አማርኛ ጠ፣ ቀ እና ጸ ተፈናጥረው ይውጡ፣ ወይስ እንደ ዐረብኛ ምላስ ወደ ጉሮሮ እየተሳበ ይነገሩ? አንዱን ይወስኑ።

ቀጥሎ ሠላሳ ያህል ባለሦስት ተነባቢ ሥሮች ይጻፉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ሕግ አለ፦ አንደኛውና ሁለተኛው ተነባቢ አንድ ዓይነት አይሁኑ፤ እንደ ብ እና ም ከአንድ የአፍ ክፍል የሚወጡም አይከታተሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ቢመሳሰሉ ምንም አይደለም፤ ወደደ፣ ነደደ፣ ከበበ እንደምንለው። ይህ ብቻ ቃላትዎን ከዘፈቀደ የፊደል ክምር ይለያቸዋል።

አሁን ቅርጾቹን ያውጡ። ሥሩ ፍ-ዝ-ን ይሁን፤ ትርጉሙም ማብራት። «ፈዘን» አበራ፣ «ፋዚን» አብሪ፣ «መፍዘን» የሚበራበት ቦታ ይሁን። በ«ፈዘን» ውስጥ ያለውን ዘ ቢያጠብቁት «አብዝቶ አበራ» ሊሆን ይችላል፤ መጥበቅ በእነዚህ ቋንቋዎች ትርጉም ይለውጣል። ፊደላችን ግን መጥበቅን ስለማያሳይ ከላዩ ነጥብ ያድርጉበት። ለብዙ ቁጥርም ቅጥያ ከመጨመር የቃሉን ውስጥ ይለውጡ፦ ግዕዝ ደብርን አድባር፣ ዐረብኛ ኪታብን ኩቱብ እንደሚሉት የእርስዎ ፋዚን «አፍዛን» ይባል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ደካማ ተነባቢ፣ ማለትም እንደ ው እና ይ በቀላሉ የሚጠፋ ድምፅ፣ ያለበት ሥር ነው። ቅ-ው-ም የሚለው ሥር በግዕዝና በአማርኛ «ቆመ»፣ በዐረብኛ «ቃመ»፣ በዕብራይስጥ «ቃም» ሆኗል። አንዱ ው በሦስቱም ጠፍቷል፤ የተወው አናባቢ ግን የተለያየ ነው። እርስዎም የራስዎን ሕግ ያውጡ። ለምሳሌ ዝ-ው-ክ፣ መሻገር፣ ወ በሁለት አጭር አናባቢዎች መካከል ሲገባ ይዋጥ ከተባለ «ዘወክ» መሆኑ ቀርቶ «ዞክ» ይሆናል። በ«መዝወክ» ውስጥ ግን ወ ከተነባቢ ቀጥሎ ስለመጣ ይቆያል። ሕጉን ሳያዳሉ በሁሉም ሥሮች ላይ ይጠቀሙበት። እንግዳ የሚመስሉት ቅርጾች ከዚሁ ሕግ ሲወለዱ ነው ቋንቋው ታሪክ ያለው የሚመስለው፤ እንዲያው በዘፈቀደ የተበተነ ልዩ ሁኔታ ግን ወዲያው ይታወቃል።

የዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ቀላል ነው። በግዕዝና በዐረብኛ ግሱ ብዙ ጊዜ ይቀድማል፤ በአማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ይህም የኩሽ ቋንቋዎች ተጽዕኖ ነው ይባላል። የፈጠሩት ሕዝብ ጎረቤት ካለው የጎረቤቱ ቋንቋ የት የት እንደገባ አስቀድመው ያስቡበት።

በመጨረሻ አጭር ታሪክ በዚሁ ቋንቋ ይጻፉ። ቃል ሲጎድልዎ አዲስ ሥር ከመፍጠርዎ በፊት ያሉትን ሥሮች በሌላ ቅርጽ ይሞክሯቸው።