በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለልጅዎ የሚሰጠው የዝግመተ ለውጥ ትምህርትና የእምነቱ ቦታ

አዲስ ከመጡ ቤተሰቦች ጋር ስቀመጥ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ልጁ የባዮሎጂ መጽሐፉን ስለ ዝግመተ ለውጥ፣ ማለትም ሕያዋን ነገሮች በረጅም ዘመን ቀስ በቀስ ተለውጠው መጡ ስለሚለው ትምህርት፣ በሚያወራው ገጽ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ በመጽሐፉ አጠራር ሉሲ፣ አጥንቷ ተደርድሮ ይታያል። አባት የአፋርን ስም ሲያይ ፊቱ ይፈካል፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ሲያነብ ደግሞ ዝም ይላል። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ልጄን ሃይማኖቱን ሊያስክዱት ነው ወይ?» አይደለም። ሕጉ ለዚህ መልስ አለው፤ ሕጉን ያላወቀ ወላጅ ግን ወይ በማይገባው ይሰጋል፣ ወይ የሚገባውን መብት ሳይጠይቅ ይቀራል።

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንደ ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ ሰውም በእምነቱ እንዳይኖር እንዳይከለክል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስራል። በዚህ መሠረት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 ትምህርት ቤት ያዘጋጀውን ጸሎት ተማሪዎች እንዲደግሙ ማድረግን፣ በ1963 ደግሞ የትምህርት ቀኑን በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ማስጀመርን ከለከለ። ይኸው የ1963 ውሳኔ ስለ ሃይማኖት እንደ ታሪክና እንደ ባህል ማስተማርን አልከለከለም፤ ስለዚህ ልጅዎ በታሪክ ክፍል ስለ እስልምና፣ ስለ ክርስትና ወይም ስለ ቡድሃ እምነት ቢማር ሊሰብኩት አስበው ነው ብለው አይጠራጠሩ። ነገሩ ለእኛም ፍጹም እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90ም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል።

የዝግመተ ለውጥ ክርክር እዚህ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። በ1925 በቴኔሲ ግዛት ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ሰው ከዝቅተኛ እንስሳት መጣ ብሎ ማስተማርን የሚከለክለውን የግዛቱን ሕግ ጥሰሃል ተብሎ ተከስሶ 100 ዶላር ተቀጣ፤ ቅጣቱ በኋላ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ተሽሯል፣ ሕጉ ግን እስከ 1967 ድረስ አልተሻረም። በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአርካንሶን ተመሳሳይ ሕግ አፈረሰ። በ1987 ደግሞ ዝግመተ ለውጥ ከተማረ የፍጥረት ሳይንስም (ሕያዋን ነገሮችን ፈጣሪ ፈጠራቸው የሚለውን እምነት እንደ ሳይንስ የሚያቀርበው ትምህርት) አብሮ ይሰጥ የሚለውን የሉዊዚያና ሕግ ውድቅ አደረገ። በ2005 በፔንሲልቬኒያ የዶቨር ወላጆች ባቀረቡት ክስ፣ ሕይወት የአንድ ንድፍ አውጪ ሥራ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሃይማኖታዊ እንጂ ሳይንሳዊ ትምህርት አይደለም ሲል የፌዴራል ዳኛ ወሰነ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የባዮሎጂ መምህሩን «የዘፍጥረትንም ታሪክ አብረህ አስተምርልን» ብለው ቢጠይቁት እምቢ የሚለው እምነትዎን ንቆ ሳይሆን ሕጉ ስለማይፈቅድለት መሆኑን እንዲረዱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የልጁ የፈተና ወረቀት ነው። የእኔ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት፣ የአንድ ወፍ ዝርያ ምንቃር በትውልድ ብዛት ለምን እንደተለወጠ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ስለፈጠረው» ብሎ ጻፈና ዜሮ አገኘ። ተቆጥቼ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን አውጥታ ጥያቄውን በጣቷ እያሳየችኝ «የጠየቅሁት ተፈጥሯዊ ምርጫ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያስረዳኝ ነው፤ ምን እንደሚያምን አልጠየቅሁትም፣ መጠየቅም አልችልም» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ተፈጥሯዊ ምርጫ ማለት ለአካባቢያቸው የሚስማማ ጠባይ ያላቸው ፍጥረታት በብዛት ተርፈው ስለሚራቡ ዝርያው በትውልድ ብዛት ይለወጣል የሚለው ማብራሪያ ነው። ያን ዕለት ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን «በተፈጥሯዊ ምርጫ መሠረት» ብሎ መልሱን መጀመር እንደሚችል ተነጋገርን፤ የተማረውን በትክክል ማስረዳት እምነትን መካድ አይደለም። ብዙ አማኝ ሳይንቲስቶች ሁለቱን አስማምተው ይኖራሉ፤ የማይስማማቸው ቤተሰቦችም አሉ፤ ያንን የመወሰን ሥልጣን የቤተሰቡ እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለም። መምህር የልጅዎን እምነት በክፍል ውስጥ ካንኳሰሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የተባለውን ቃል ከነቀኑ ጽፈው ለርዕሰ መምህሩ ያቅርቡ።

ልጄን ከዚህ ትምህርት ላስወጣው እችላለሁ ወይ ብለው የሚጠይቁም አሉ። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የተለያየ እምነት ያላቸው ወላጆች ስለ ጾታና ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የሚናገሩ የልጆች መጻሕፍት ሲነበቡ ልጆቻቸው እንዲወጡ ጠይቀው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2025 ፈርዶላቸዋል። ይህ ውሳኔ ግን ስለ ባዮሎጂ ትምህርት የተሰጠ አይደለም፤ ለምረቃ የሚያስፈልገውን የሳይንስ ኮርስ በቀላሉ ያስቀራል ብለው አይጠብቁ። ደንቡ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች አማካሪ) አስቀድመው ይጠይቁ። በእኔ እምነት ልጁን ከክፍል ከማስወጣት ይልቅ ትምህርቱን በሚገባ እንዲማር አድርጎ ማታ በቤት መወያየት ይሻላል፤ ያልገባውን ነገር የሚጠላ ልጅ ጥያቄውን ከወላጁ ይደብቃል።

የልጅዎ የግል እምነት በትምህርት ቤቱ በር ላይ አይቀርም። በዕረፍትና በምሳ ሰዓት ለብቻው ወይም ከጓደኞቹ ጋር መጸለይ፣ ሶላት መስገድ፣ መጽሐፉን ማንበብ ይችላል። በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከትምህርት ውጭ የሆኑ የተማሪ ክበቦችን የሚፈቅድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሃይማኖት ክበብም እኩል ዕድል እንዲሰጥ ያስገድዳል። ማተብ ማሰርና ሂጃብ መልበስም እንዲሁ የእምነቱ መግለጫዎች ናቸው። አንዲት የማውቃት ልጅ በስፖርት ክፍል ማተቧን አውልቂ ተብላ እያለቀሰች መጣች፤ እናቷ ማተቡ የጥምቀት ምልክት እንጂ ጌጥ አለመሆኑን በአጭር ደብዳቤ ስታስረዳ፣ ለደኅንነት ሲባል በልብሷ ውስጥ አድርጋ በፕላስተር እንድትይዘው ተስማሙ።

ልጅዎ የሚጾም ከሆነ በጾም ወቅት ሥጋና ወተት እንደማይበላ ለካፌቴሪያው ኃላፊ በዓመቱ መጀመሪያ ይንገሩ። የገና በዓላችን በጃንዋሪ 7 ሲውል ትምህርት ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው፤ ኢድም በሥራ ቀን ሊውል ይችላል። ለሃይማኖት በዓል መቅረት በብዙ ቦታ በፈቃድ እንደመቅረት ይቆጠራል፣ ነገር ግን ዝም ብሎ መቅረት ያለ ፈቃድ ይመዘገባል። ስለዚህ የልጁን ሙሉ ስም፣ ክፍሉን፣ የሚቀርበትን ቀንና የበዓሉን ስም ጽፈው አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ይላኩ፤ በዚያ ቀን ፈተና ካለም ሌላ ቀን እንዲሰጠው በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ።