ሰላምታ እየመለሱ መሮጥ፦ ለጀማሪ ሯጭና ሌላውን ለሚያስጀምር

ሩጫ ጀምሮ የተወ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ «ትንፋሽ የለኝም» ይላል። ትንፋሹስ ነበረው፤ እግሩ ቀደመው እንጂ። ሩጫ ሲባል ዓይናችን የለመደው በቴሌቪዥን ያየውን ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ፣ አንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ 2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ነበር የፈጀበት። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ዛሬ የሚጀምር ጤነኛ ሰው ለዚያው ርቀት 8 ደቂቃ ቢወስድበት ደግ ነው፤ 9 ቢሆንም አያሳፍርም። ሶምሶማ ማለት ይኸው ነው፣ ከፈጣን እርምጃ ትንሽ ከፍ ያለ።

ልኩን ለማወቅ ሰዓትም ስልክም አያሻም። ጠዋት መንገድ ላይ አንድ አባት «እንዴት አደራችሁ?» ቢሏችሁ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው?» ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ መመለስ ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። «ይመስገን» ብቻ ወጥቶ ሌላው ከቀረ ፈጥናችኋልና ቀንሱ። በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ አለበት የሚባለውን ደግሞ ተዉት። ሰውነት አየር ሲፈልግ በአፍም በአፍንጫም ያስገባ።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንደዚያው። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር እንኳ በአንድ አምስተኛ ያንሳል። ስለዚህ በቆላ ለሚኖሩ ሰዎች የተሠራ የስልክ መተግበሪያ «ዘገየህ» ቢላችሁ አትስሙት። ባሕር ዳር የለመደ ሰው ለሥራ ወደ ማርቆስ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ረጋ ብሎ ቢሮጥ ይሻላል።

የስምንቱ ሳምንት አካሄድ

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ለጾመኛ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመቻሉ፤ ረቡዕና ዓርብ የእረፍት ቀን ይሆናሉ፣ እሑድ ጠዋትም ለቤተ ክርስቲያን ይተርፋል። የሚቆጠረው ደቂቃ ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ለጊዜው እርሱት። ሁልጊዜ 5 ደቂቃ ፈጠን ባለ እርምጃ ተጀምሮ በ5 ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃ ያልቃል። መሐሉ ይህ ነው፦

1ኛ ሳምንት፦ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ
2ኛ ሳምንት፦ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ
3ኛ ሳምንት፦ 3 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 5 ጊዜ
4ኛ ሳምንት፦ 5 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 4 ጊዜ
5ኛ ሳምንት፦ 7 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 3 ጊዜ
6ኛ ሳምንት፦ 10 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 2 ጊዜ
7ኛ ሳምንት፦ 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ሶምሶማ
8ኛ ሳምንት፦ 25 ደቂቃ ሳያቋርጡ

አንዱ ሳምንት ከከበደ ይደገማል፤ ሁለት ጊዜ ቢደገምም የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው ሳምንት «ይሄማ ቀልድ ነው» ያሰኛል፣ ያሰኝ። ዋናው ፈተና አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ የቀለለት ሰው «ዛሬማ እችላለሁ» ብሎ ሁለት እጥፍ ይሮጥና በማግስቱ ቅልጥሙን ይዞ ይቀመጣል። አቅም በተረፈበት ቀን ማቆም የሥልጠናው አካል ነው።

ሰውነት ለማሟሟቅ እርምጃው ራሱ ይበቃል፤ ቁርጭምጭሚትን ማዞርና እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወናጨፍ ይጨመርበት። ባትንና ጭንን ለጥጦ ይዞ መቆየት ከሩጫው በኋላ ይሁን። አረማመዱ አጭር ይሁን፤ እግር ከጉልበት ቀድሞ ርቆ በተረከዝ ሲያርፍ ምቱ ጉልበት ላይ ይወጣል። ትከሻ ይላላ፣ ጡጫ አይጨበጥ።

ስታዲየም የሚሮጥ ሰው የውስጡ መስመር አንድ ዙር 400 ሜትር መሆኑን ይወቅ፤ 12 ዙር ተኩል 5 ኪሎ ሜትር ነው። ሠልጣኞች ካሉ የውስጡን መስመር ልቀቁላቸው።

ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ የቅዳሜው ሩጫ ብቻ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምር፤ የማክሰኞና የሐሙሱ ባለበት ይቆይ። በየአራተኛው ሳምንት ጭማሪው ይቅርና እንዲያውም ይቀነስ። በዚህ አካሄድ ሦስት ወር ገደማ ውስጥ ቅዳሜ 70 ደቂቃ ይደረሳል፤ 10 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ በቂ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በኅዳር የሚካሄደውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ያሰበ ጀማሪ እንግዲህ ሰኔ መጀመሪያ ላይ መነሳት አለበት። ችግሩ ሰኔ ጎጃም ላይ ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ጫማ

ገንዘብ ካለ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ጫማ ከሰዓት በኋላ ይለካ፣ እግር ሲውል ያብጣልና። በረጅሙ ጣትና በጫማው ጫፍ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ይቅር፤ ከጠበበ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል።

ሰልባጅ የሚገዛ ሰው አራት ነገር ይፈትሽ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ይየው፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የሌላ ሰው አረማመድ ቀርቶበታል፣ ይተወው። ሲታጠፍ ጣቶቹ ጋ መታጠፍ አለበት፤ ወገቡ ላይ እጥፍ ካለ አልቋል። የሶሉን ስፖንጅ በአውራ ጣት ይጫነው፤ እንጨት ከሆነ ውጭው አዲስ ቢመስልም ዋጋ የለውም። በመጨረሻ የሶሉን ዳር በጥፍር ይሞክር፤ ብዙ ዓመት ተቀምጦ የመጣ ጫማ ማስቲሹ ስለሚደርቅ በሁለተኛው ዝናብ አፉን ይከፍታል። ሊስትሮ ዘንድ አስለጥፎ ማሰፋት ይቻላል፣ የሞተ ስፖንጅ ግን አይመለስም። ደህና ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ በሳምንት 12 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ አንድ ዓመት ማለት ነው።

በኮንጎ ጫማ ወይም በባዶ እግሩ ያደገ ሰው ያንኑ ይዞ በለስላሳ መሬት ቢጀምር ችግር የለውም። ችግሩ ያልለመደው ሲሞክረው ወይም የለመደው አስፋልት ላይ ሲወጣ ነው።

የት፣ መቼ

ከሁሉ የሚሻለው ጠንከር ያለ የአፈር መንገድ ነው፦ የባሕር ዛፍ ተክል ጥግ፣ አዊ ውስጥ በዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት) ተክሎች መካከል ያሉት ጥርጊያዎች፣ የግጦሽ ሜዳ። ኮብልስቶን ወለምታ ይወዳል፤ በእርምጃ ይታለፍ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለጀማሪ ታደላለች፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ግን ሙቀቷ ይከብዳል። የሐይቁ ዳር ሲመሻሽ ትንኝ አለበትና ማታ ሮጦ እዚያው መቀመጥ ለወባ መጋበዝ ነው። ማርቆስ ዳገትና ቁልቁለት ነች። ዳገቱን በእርምጃ ውጡት፤ ቁልቁለቱ ላይም አትለቁ፣ ጉልበት የሚያመው ሲወርዱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ ለብሶ ወጥቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወገብ ላይ ማሰር ነው። ሲጨርሱ ላብ የያዘውን ልብስ ወዲያው መቀየር፤ «ምች ይመታሃል» የምትል እናትም በዚህ ታርፋለች።

ክረምት ላይ ዋልካው እግር ይይዛል። አንድ ጫማ አንድ ኪሎ ጭቃ ተሸክሞ ሩጫ የለም፣ ባትም ይቀደዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጠጠር መንገድ ወይም የአስፋልት ዳር ይሻላል፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሚበረታ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። በአስፋልት ዳር የሚሮጥ ሰው ፊቱን ወደሚመጣው መኪና ያዙር፤ ባጃጅ ከኋላ ሲመጣ አይታይምና። ማታ የረጠበውን ጫማ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ማሳደር ያደርቀዋል፤ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ማስቲሹን ያለቅቀዋል።

ጎህ ሳይቀድ አትውጡ፤ ጅቡ ገና ወደ ጎሬው አልገባም። የሰዓት እላፊ ባለበት ደግሞ ሰዓቱን ማክበር ግድ ነው፤ ኬላ ወይም ጥበቃ ያለበት በር ሲደረስ ሩጫውን አቁሞ በእርምጃ ማለፍ። ውሻ ሲመጣ መሮጥ ማባባስ ነው፤ ቆሞ ፊት ለፊት ማየት፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ እንደሚያነሳ ማስመሰል ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከነከሰ ቁስሉ በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የሀገር መድኃኒት እስኪሞከር አይጠበቅም።

ምግብና ጾም

ከባድ ምግብ ከተበላ ሦስት ሰዓት ይለፍ። ጎን የሚወጋው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ከተበላ ወይም ፈጥኖ ከተጀመረ ነው፤ ሲወጋ ቀንሶ አየሩን በረጅሙ ማስወጣትና ቦታውን በእጅ መጫን ይረዳል። ጠዋት ለ30 ደቂቃ ሩጫ ባዶ ሆድም ይሆናል፤ የሚደክመው ሰው አንድ ሙዝ ወይም ስኳር ያለው ሻይ ይቅመስ። ከሩጫ በኋላ በሶን የሚያህል የለም፤ በሽሮ ወይም በምስር እንጀራ ይከተል።

ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት ሮጦ ውኃ ሳይጠጣ መዋል የለበትም። ሩጫውን ወደ 8 ሰዓት ተኩል ወስዶ ከሩጫው ወዲያው መብላትና መጠጣት፣ ወይም ከበላ ሁለት ሰዓት በኋላ ቀለል አድርጎ መሮጥ ይቻላል። ረመዳን ለሚጾምም ከኢፍጣር በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ያው ነው። በጾም ወቅት ደቂቃ አይጨመርም። ቡናን ከምግቡ ጋር አያይዞ መጠጣት ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያዳክም፣ በተለይ ለሴቶች፣ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ይመረጣል። ሌሊቱን አረቄ የወረደበት ሆድ ደግሞ ጠዋት ውኃ እንጂ ሩጫ አይፈልግም።

ሲያም

የባትና የጭን መዛል በሁለት ቀን ይለቃል፤ ይኸ ጤና ነው። ቅልጥም በውስጥ በኩል ረዘም ባለ መስመር ሲያም ሩጫው በዝቷል ማለት ነው፤ አንድ ሳምንት በእርምጃ ተክቶ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ መመለስ። አንድ ነጥብ ላይ በጣት ሲነካ የሚያም፣ እየሮጡም የሚብስ ከሆነ ግን አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላልና አቁሞ መታየት ያስፈልጋል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝ የሚወጋ ከሆነ የባት ጅማትን በየቀኑ መለጠጥና ጠፍጣፋ ጫማ ማስቀረት።

ወለምታ ላይ ወጌሻ ዘንድ ሮጦ ማሳሸት ልማዳችን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸት እብጠቱን ያብሰዋል። ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ፋሻ፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት። አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ ሰው ራጅ ይነሳ። ደረት ሲጨንቅ፣ ሲያዞር ወይም ትኩሳት ሲኖር ሩጫ የለም። ከ45 ዓመት በላይ ሆኖ ስፖርት የማያውቅ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መማከር ይኖርባቸዋል።

ሌላውን ማስጀመር

«ከነገ ጀምሮ እንሩጥ» የተባለ ነገ መጥቶ አያውቅም። «ማክሰኞ 12 ሰዓት ከ30 ከበራችሁ እወስድሃለሁ፣ 1 ሰዓት ከ10 ትመለሳለህ» ማለት ይሠራል። ሰዓቱና ማብቂያው ሲታወቅ ሰው ለመሸሽ ይቸገራል። «ወፍረሃል» በሚል መጋበዝ አንድ ቀን ያስወጣል፣ በሁለተኛው ያስቀራል።

ከጀማሪ ጋር የወጣ ሰው የራሱን ሩጫ ለሌላ ቀን ያስቀምጥ። ከጎን ይሩጥ፤ ግማሽ እርምጃ እንኳ ከቀደመ ያኛው ሳያውቀው ይፈጥናል። ጥያቄ ይጠይቀው፣ መልሱ ከተቆራረጠ «እንራመድ» የሚለው እሱ ይሁን፤ ጀማሪ ደክሞኛል ማለት ያፍራል። «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያሉ የሚከተሉ ልጆች ሌላ ፈተና ናቸው፦ እነሱ መቶ ሜትር በርረው ይመለሳሉ፣ ጀማሪው ግን እልህ ይይዘዋል። ፈገግ ብሎ ማለፍ እንጂ መወዳደር የለም።

ሴቶችን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ድካም ሳይሆን ለከፋና «ምን ትባላለች» ነው። ሦስት አራት ሆኖ መውጣት፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ፣ ከፈለጉ ቱታው ላይ ሰፊ ቀሚስ ደርቦ። የስፖርት ጡት ማስያዣ ከቱታው ይቀድማል። ገበያ ሁለት ሰዓት በእግሯ ደርሳ የምትመለስ እናት መሠረቱ አላት፤ ከሦስተኛው ሳምንት ብትጀምር አይከብዳት ይሆናል።

ቡድኑ አምስት ስድስት ሲሞላ ዕቁብ ግቡ፤ ዕጣው የወጣለት ጫማ ይገዛበታል። ለቀረ ሰው ቅጣት መጣል ግን ከንቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተቀጣ ሦስተኛ ላይ ስልኩን ያጠፋል። አንድ ሳምንት የቀረ የነበረበትን ሳምንት ይድገም፣ ሦስት ሳምንት የቀረ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ይመለስ፤ ከእሱ ጋር የሚመለስ አንድ ሰው ግን አስቀድማችሁ መድቡለት።