የዘር ፈሳሽ ሳይወጣ ሲቀር፦ ወደ ፊኛ የሚመለስ ዘርና ልጅ የመውለድ ዕድል

ሩካቤው እንደ ወትሮው ተፈጽሞ፣ ወንዱም እርካታው ላይ ደርሶ፣ የወጣው የዘር ፈሳሽ ግን ጠብታ ብቻ ሲሆን ወይም ጨርሶ ሳይኖር ሲቀር፣ ብዙ ወንዶች «ዘሬ ደርቋል» ብለው ይደመድማሉ፤ ከዚያም ነገሩን ለማንም ሳይናገሩ ዓመታት ያሳልፋሉ። በዚህ መሐል ሚስት ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው ስትመላለስ ትኖራለች፤ ይህ በእጅጉ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም የዘር ህዋሱ በሚገባ እየተመረተ መንገዱን ብቻ ስቶ ወደ ሽንት ፊኛ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ምልክቱ

ዋናው ምልክት እርካታ ኖሮ ፈሳሽ አለመኖሩ ወይም እጅግ ማነሱ ነው። ሕመም የለውም፤ የብልት መቆምም አይጎድልም። ከግንኙነት በኋላ የሚሸናው የመጀመሪያ ሽንት ደፍርሶ ወይም ነጣ ብሎ ከታየ ጥርጣሬው ይጠናከራል። እርካታው ራሱ የማይመጣ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነውና ሁለቱን ለይቶ ለሀኪም መንገር ያስፈልጋል። ፈሳሽ ቶሎ መውጣትም ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ፈሳሹ ከብልት መግባት በፊት ካልወጣ በስተቀር ፅንስን አያግድም።

መንስኤው

በጤናማ ሰው የዘር ፈሳሽ ወደ ሽንት ቧንቧ በሚደርስበት ቅጽበት በፊኛው አንገት ላይ ያለው ጡንቻ ጥብቅ ብሎ ስለሚዘጋ፣ ፈሳሹ ያለው መውጫ ወደፊት ብቻ ነው። ጡንቻው ካልተዘጋ ወይም እንዲዘጋ የሚያዝዘው ነርቭ ከተጎዳ፣ ፈሳሹ ቅርብ ወደሆነው ፊኛ ይመለሳል፤ በኋላም ከሽንት ጋር ይወጣል። ይህ በራሱ ሰውነትን አይጎዳም፤ ጉዳቱ ለልጅ ፈላጊው ነው።

ጡንቻውን ወይም ነርቩን ከሚያሰናክሉት መካከል ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳው የቆየ የስኳር በሽታ፣ የፕሮስቴትና የፊኛ አንገት ቀዶ ሕክምና፣ በዘር ፍሬ ካንሰር ምክንያት በሆድ ዕቃ ጀርባ ያሉ ንፍፊቶችን የማውጣት ቀዶ ሕክምና፣ እንዲሁም የህብለ ሰረሰር ጉዳት ይገኙበታል። ለፕሮስቴት ማበጥ የሚሰጡት ታምሱሎሲንና ሲሎዶሲን፣ ከአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ፣ ፈሳሹ እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ስለዚህ ለሀኪም የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር የሚወሰዱ መድኃኒቶች ዝርዝር ቢሆን እመክራለሁ።

ማረጋገጫው

ምርመራው ቀላል ነው። ሰውየው ፊኛውን ባዶ ያደርጋል፤ ከዚያ ራሱን አነሳስቶ እርካታ ላይ ይደርስና የወጣውን ፈሳሽ በአንድ የናሙና ዕቃ፣ ወዲያው የሚሸናውን ሽንት በሌላ ዕቃ ይሰጣል። ባለሙያው ሽንቱን በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ አጥልሎ ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ የመጀመሪያው ዕቃ ባዶ ሊባል የሚችል ሆኖ ሳለ በሁለተኛው ውስጥ በርካታ የዘር ህዋሳት ካገኘ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ የዘር ፈሳሽ መጠን ዝቅተኛ መነሻ 1.4 ሚሊ ሊትር መሆኑን ያመለክታል፤ ሆኖም አነስተኛ ናሙና ሲገኝ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ መጠበቁንና ከፈሳሹ ያልተሰበሰበ አለመኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በሽንቱም ውስጥ ህዋስ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ዘር ቱቦ መዘጋት፣ ወደ ሆርሞን ወይም ወደ ዘር ፍሬው ራሱ ይዞራል።

በጥቅሉ ጥንዶች ያለ መከላከያ 12 ወር፣ ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ 6 ወር ሞክረው ካልተሳካላቸው ሁለቱም ይመረመራሉ፤ ፈሳሽ እንደማይወጣው ያወቀ ወንድ ግን ይህን ያህል መጠበቅ የለበትም።

መፍትሄው

መንስኤው መድኃኒት ከሆነ ሀኪሙ ሊለውጠው ወይም ሊያቋርጠው ይችላል፤ ፈሳሹም በአብዛኛው ይመለሳል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን፣ በተለይ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲሆን፣ ከባድ አደጋ አለው። ነርቩ ተዳክሞ ፈጽሞ ካልጠፋ፣ እንደ ሲውዶኢፌድሪንና ኢሚፕራሚን ያሉ የፊኛ አንገትን የሚያጠብቁ መድኃኒቶች አንዳንዶችን ይረዳሉ፤ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት ሰው ግን ያለ ሀኪም ክትትል አይሞከሩም። የፊኛው አንገት በቀዶ ሕክምና ከተነካ ደግሞ መድኃኒት ብዙም ስለማይሠራ ጊዜ ሳይባክን ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል።

ይኸውም ዘሩን ከሽንት መሰብሰብ ነው። አሲድ የበዛበት ሽንት የዘር ህዋስን ይገድላል፤ ስለዚህ ሀኪሙ በሚወስነው መጠን ሶዲየም ባይካርቦኔት አስቀድሞ እየተወሰደ አሲዱ ይቀንሳል፤ ከእርካታ በኋላ የሚሸናው ሽንትም ሳይዘገይ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል። የተለዩትና የታጠቡት ህዋሳት ቁጥራቸውና እንቅስቃሴያቸው በቂ ከሆነ በቀጥታ በማህፀን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ደካማ ከሆኑ ከማህፀን ውጭ በላቦራቶሪ በሚደረግ ማዳቀል አንድ ህዋስ ወደ አንድ እንቁላል ይከተታል።

የፕሮስቴት ወይም የዘር ፍሬ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀውና ወደፊት ልጅ የሚፈልግ ወንድ፣ ዘሩ አስቀድሞ ተቀድቶ በቅዝቃዜ እንዲቀመጥለት ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል።