ወጣቶች በማኅበራዊ ሚዲያ በፖለቲካ ሲሳተፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኅዳር 2008 ዓ.ም በጊንጪ የተጀመረው የተማሪዎች ተቃውሞ ወደ ሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ሲዛመት፣ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ያላሳዩትን ትዕይንት ለዓለም ያደረሱት ወጣቶች በእጅ ስልካቸው ቀርጸው በፌስቡክ የለቀቋቸው ምስሎች ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ የተነሡበት፣ ከተማዋን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ አካባቢዎች ጋር ለማቀናጀት የታቀደው የአዲስ አበባ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በጥር ወር ሲሰረዝ ደግሞ ወጣቱ ድምፁ ምን ያህል ርቆ እንደሚሰማ ተረዳ። ይህን አቅም አሳንሶ ማየት አይገባም፤ ከዚያ ወዲህ በዚያው ስልክ የደረሰውን ጉዳት ያየ ሰው ግን የአጠቃቀም ስህተቶቹን በስማቸው ከመጥራት ሊቆጠብ አይችልም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የግለሰብን ስም፣ ፎቶግራፍና አድራሻ ከውንጀላ ጋር ማሰራጨት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ማንነታቸውንና መኖሪያቸውን የሚጠቁሙ ጽሑፎች በፌስቡክ ከተሰራጩባቸው በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገድለዋል። ልጃቸው የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ኩባንያ ላይ የመሠረቱትን ክስ የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የማየት ሥልጣን እንዳለው በ2017 ዓ.ም ወስኗል። በክሱ ተጠያቂ ሆኖ የቀረበው ኩባንያው ቢሆንም፣ ጽሑፎቹን ያጋሩት እጆች የሰዎች እጆች ነበሩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ሁሉ ጽሑፉን በማግስቱ ማጥፋት ያነበበውን ሰው አይመልሰውም። ባለሥልጣን በሥራው ሊተች፣ በውሳኔው ሊጠየቅ ይገባል፤ ሥራውን ትቶ ብሔሩን፣ ልጆቹንና ሰፈሩን የሚዘረዝር ጽሑፍ ግን ሰውን ለጥቃት አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፣ የጻፈውም ያጋራውም ከኃላፊነት አያመልጡም።

የቆየን ወይም በሌላ አገር የተነሣን ምስል የዛሬ አስመስሎ ማጋራት ከዚሁ ጋር የተቆራኘ ነው። ከማጋራት በፊት በምስሉ ላይ የሚታየውን የመኪና ሰሌዳ፣ የሱቅ ጽሑፍና የአየር ሁኔታ ማስተዋል፣ ምስሉንም በጎግል መፈለግ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሕጉም ቀላል አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል።

ሌላው ስህተት በስልክ ገጽ ላይ የሚታየውን ሐሳብ የአገር ሐሳብ አድርጎ መውሰድ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ በተለይም ገበሬው፣ ኢንተርኔት አይጠቀምም። ከዚያም በላይ ገጻችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው ብዙ አስተያየትና ብዙ ቁጣ የሚቀሰቅሰው ጽሑፍ በመሆኑ፣ አንድ ወጣት ሁሉም ሰው እንደ እርሱ የተቆጣ ሊመስለው ይችላል። ባሕር ማዶ ሆኖ በቀጥታ ስርጭት «ውጡ» የሚል ድምፅ ሲሰማም፣ ተናጋሪው መዘዙን እንደማይቀምስ ማሰብ ይገባል።

ላይክና ሼርን እንደ ሙሉ ተሳትፎ መቁጠርም የተለመደ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ለተካሄደው ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ የመራጮች ምዝገባ ጊዜ ሲራዘም፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ክርክር እጅግ በሞቀባት በአዲስ አበባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካርድ ያወጣው ሰው ጥቂት ነበር። ዕድሜው 18 የሞላው ዜጋ የመምረጥ መብት ሕገ መንግሥታዊ ነው፤ በዚያ ምርጫ መብቱ የሚሠራው ግን ምርጫ ጣቢያ በአካል ሄዶ ለተመዘገበ ብቻ ነበር። የቀበሌ ስብሰባም እንዲሁ በቦታው ያልተገኘን ሰው አይጠብቅም። በእኔ እምነት ወጣቱን ብዙ ያሳጣው ይህ ነው።

በመጨረሻም የቡድንን ግንኙነት ሁሉ በአንድ መተግበሪያ ላይ ማሳረፍ አደገኛ ነው። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በሰኔ 2012 ዓ.ም ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጧል፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ የወጣቶች ማኅበር የአባላቱን ስልክ ቁጥር በደብተር መዝግቦ ሊይዝ፣ በወጣት ማዕከል ወይም በዕድር ቤት የሚገናኝበትንም ቋሚ ቀን አስቀድሞ ሊወስን ይገባል።