ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ልትማሩ ላሰባችሁ

መስከረም በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። "ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ልገባ ነው፤ ምን ላንብብ?" የሚጠይቁኝ ድሮ አብረውኝ ብድር ክፍል የሠሩ ልጆችና ያስተማርኳቸው ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው የሠራሁት። ሁለተኛውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማርኩ። አሁን አስተምራለሁ፤ የማስተርስ ቴሲስም አማክራለሁ።

መልሴ አጭር ነው። ሒሳቡን ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱት። የቴሲስ ዳታችሁን ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ያዙት። ይህን ያደረገ ተማሪ ሲቸገር ብዙም አላየሁም።

ስለ አገር አቀፉ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ አልልም። ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። ለእሱ የምታድሱት መሠረታዊ ሒሳብ ለትምህርቱም ስለሚሆን ድካሙ አይባክንም።

ዋናው ክረምቱ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን የጨረሳችሁት በመውጫ ፈተና ከሆነ፣ እጃችሁ የለመደው ከአራት አማራጭ አንዱን መምረጥ ነው። ማስተርስ ላይ ግን ባዶ ወረቀት ይሰጣችሁና "አሳዩ" ትባላላችሁ። ስለዚህ ክረምቱን ፓርሻል ዴሪቬቲቭ፣ የላግራንዥ ዘዴ (ገደብ እያለ የተሻለውን ምርጫ የማግኛ ስሌት)፣ ማትሪክስና ፕሮባቢሊቲ ላይ አሳልፉት። ማንበብ ብቻ አይበቃም። የተፈታ ጥያቄ ውሰዱ፣ መልሱን ሸፍኑ፣ በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ድረሱ። የቆማችሁበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉና በማግስቱ ከዚያው ጀምሩ። ቪዲዮ ማየት ጥሩ ነው፤ ግን ቪዲዮው ላይ የገባን ነገር እስክሪብቶ ስንይዝ ይጠፋል።

ትምህርቱ ሲጀመር ማይክሮ፣ ማክሮና ኢኮኖሜትሪክስ (ኢኮኖሚን በዳታና በስታቲስቲክስ የሚፈትነው ኮርስ) በአንድ ላይ ይመጣሉ። ቸከላ የመጀመሪያውን ሚድ ያሳልፍ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አያዋጣም። እኔ የምመክረው ሦስት ሰው ሆኖ ማጥናት ነው። አንዱ ሰሌዳ ላይ እየሠራ ያሳያል፣ ሁለቱ "ይሄ ከየት መጣ?" እያሉ ያስቆሙታል። ከሦስት ሲበልጥ ወሬ ይሆናል።

እያንዳንዱን ሞዴል የምታውቁት ቤተሰብ ላይ ሞክሩት። ለምሳሌ የፍላጎት ሕግ ዋጋ ሲጨምር ሰው የሚገዛው ይቀንሳል ይላል። ጤፍ አምርቶ የሚሸጥ ገበሬ ቤት ግን ጉዳዩ ይለያል። የጤፍ ዋጋ ሲወጣ ገቢውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ያ ቤት የሚበላው ጤፍ ሊቀንስም ሊጨምርም ይችላል። አምራችም ሸማችም የሆነ ቤተሰብ ሞዴል የሚባለው ይህ ነው። ለአገራችን ከዚህ የሚቀርብ ሞዴል ያለ አይመስለኝም። በሒሳብ ስታወጡት የትኛው ምልክት ከየት እንደመጣ በደንብ ይገባችኋል።

ማክሮ ላይ ደግሞ ትልቅ ዕድል አላችሁ። መንግሥት የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ያደረገው በእናንተ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 መጨረሻ ላይ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አስተዋወቀ። ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ የነበረውን ሁኔታ ከዚህኛው ጋር አነጻጽሩ። ስለ ምንዛሪና ስለ ገንዘብ ፖሊሲ የምትማሩት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ነገር ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ቴሲስ የሚበላሸው በዘመን አቆጣጠር ነው። ያ ውሳኔ የወጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ ግን በብሔራዊ ባንክ ሠንጠረዥ ላይ የሚገባው 2017 በጀት ዓመት ውስጥ ነው። ዓለም ባንክ ገጽ ላይ ደግሞ 2024 ሥር ታገኙታላችሁ። አንድ ክስተት፣ ሦስት ዓመት። ተማሪው የወጪ ንግዱን ከብሔራዊ ባንክ፣ የምንዛሪ ተመኑን ከዓለም ባንክ ይወስድና ሁለቱን ጎን ለጎን ይለጥፋቸዋል። አንዱ ከሌላው መንፈቅ ያህል ይዛነፋል። ፋይላችሁን ስትከፍቱ የመጀመሪያው ሥራችሁ ለእያንዳንዱ ቁጥር የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር ዓምድ መጨመር ይሁን።

ኢኮኖሜትሪክስ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ፤ የምወደው ኮርስ ስለሆነም ነው።

ብድር ክፍል ስሠራ ገንዘብ የምንሰጠው ማን እንደሚከፍል እየገመትን ነበር። ሱቁ የሞላ፣ ደብተር የሚይዝ፣ ዋስ የማያጣ ሰው ያገኛል። ከዓመት በኋላ ተበዳሪዎቹን ካልተበደሩት ጋር ብናስተያይ ተበዳሪዎቹ በልጠው እንደሚገኙ ግልጽ ነው። ታዲያ ያበለጣቸው ብድሩ ነው ወይስ ድሮም ጎበዝ ስለነበሩ ነው? ሪግሬሽኑ (የሁለቱን ዝምድና የሚለካው ስሌት) ይህን አይነግራችሁም። ኮምፒውተሩ ኮከብ ያለበት፣ ማለትም በስታቲስቲክስ ጉልህ የሆነ ቁጥር ያወጣል፣ ተማሪው "ብድር ገቢን ይጨምራል" ብሎ ይጽፋል። ያ ቤተሰብ ብድሩን ባያገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። የኮርሱ ግማሽ ይህን ጥያቄ በሐቀኝነት መመለስ ነው። ቀሪው ግማሽ የቀመር ጉዳይ ነው።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ ስታታም ሆነ አር ይሁን፣ አንዱን በደንብ ያዙ። አር በነፃ ይገኛል። ሜኑ እየተጫኑ መሥራት ግን ከመጀመሪያው ቀን አትልመዱ። ትእዛዙን ሁሉ ዱ ፋይል (የስታታ የትእዛዝ ፋይል፤ በአር ስክሪፕት የሚባለው) ላይ ጻፉ። አማካሪያችሁ "ናሙናውን ቀይረህ አምጣ" ሲላችሁ፣ ዱ ፋይል ያለው በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል፤ የሌለው ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን ወደ ቴሲሱ። በየዓመቱ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚመጡት ርዕሶች ብዙዎቹ "የእንትን ወሳኝ ምክንያቶች በኢትዮጵያ" የሚሉ ናቸው። አርባ ዓመት ገደማ ዓመታዊ ቁጥር፣ ስምንት ተለዋዋጭ፣ አንድ ኤአርዲኤል ሞዴል (ያለፉትን ዓመታት ቁጥር ጭምር የሚያስገባ የጊዜ ተከታታይ ሞዴል)። አርባ ቁጥር ያን ሁሉ ሸክም አይችልም። በዚያ ላይ ደርግም፣ ጦርነቱም፣ የምንዛሪ ለውጡም በአንድ ቀጥታ መስመር ውስጥ ታጭቀዋል። እባካችሁ ጠበብ አድርጉት። "የድህነት ምክንያቶች በደቡብ ወሎ" ከማለት "ሴፍቲኔት (ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦች የሚደገፉበት ፕሮግራም) ውስጥ የገባ ቤተሰብ በዝናብ እጥረት ዓመት ፍየሎቹን ሳይሸጥ ይቆያል ወይ?" ይሻላል። ሁለተኛው መልስ አለው። ፕሮግራሙ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ስለሆነ የሚነበብ ጥናትም አለው።

ዳታውስ? ገንዘብ ከሌላችሁ ጥሩ ዜና አለ። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፣ ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራው የኢትዮጵያ ሶሺዮኢኮኖሚክ ሰርቬይ በነፃ ይገኛል። ዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ገጽ ላይ ተመዝግባችሁ ለምን እንደምትፈልጉት ትጽፋላችሁ፣ ታወርዳላችሁ። የመጀመሪያው ዙር እ.ኤ.አ. በ2011/12 ገጠርና አነስተኛ ከተሞች ላይ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ይዞ ነበር። በሁለተኛው ዙር ትልልቅ ከተሞች ተጨመሩ። ሦስተኛው 2015/16 ነው። 2018/19 ላይ ግን ናሙናው አዲስ ነው። የሦስተኛውንና የአራተኛውን ዙር ቤተሰቦች አንድ ናቸው ብሎ አገናኝቶ የመጣ ተማሪ አጋጥሞኛል። አንድ አይደሉም። መሬትና ምርት ስትሠሩም ጥማዱ፣ ቁናው፣ ጣሳው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አብሮ የሚመጣውን የመለኪያ መቀየሪያ ፋይል ተጠቀሙ።

የራሳችሁን መጠይቅ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ የትብብር ደብዳቤውን ቀድማችሁ አስጽፉ። ወረዳ፣ ከዚያ ቀበሌ፤ ይህን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። በገበያ ቀን ሰው ቤት አይገኝም፤ ለባቲ ዙሪያ ሰኞን እርሱት። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ሰው ወረቀት ይዛችሁ ሲያያችሁ ለእርዳታ የምትመዘግቡ ይመስለዋል። ያኔ አራቱ በግ ሁለት ይሆናል። "እማማ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ የምሰጠውም የምወስደውም ነገር የለም" ብላችሁ ጀምሩ። ስለ ከብት ጥያቄውን መጀመሪያ ላይ አታድርጉት። ቡና ከቀረበላችሁ ቁጭ በሉ፤ መጠይቁ ላይ የሌለውን ነገር የምትሰሙት እዚያ ነው።

አማካሪ ጋ ባዶ እጅ አትሂዱ። "ዶክተር፣ ምን ላድርግ?" ለሚል ተማሪ ምን ብዬ እንደምመልስ ይጠፋኛል። ሁለት ገጽና አንድ ሠንጠረዥ ይዞ ለሚመጣ ግን ጊዜ አላጣም። አማካሪያችሁ ቶሎ ካልመለሰ በትሕትና ደግማችሁ ጻፉ፤ መኮረፍ ሰሜስተር ያስከፍላል።

አዲስ አበባ ያላችሁ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ሐምሌ ላይ የሚያካሂደውን ዓመታዊ ጉባኤ ተገኙ። ጽሑፍ ባታቀርቡም ሌላው ሲጠየቅ መስማት ራሱ ትምህርት ነው። ናይሮቢ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ኮንሶርቲየም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በዚህ ሙያ ሰዎችን ሲያሠለጥን የቆየ ነው። ትምህርት ክፍላችሁ ከእሱ ጋር የሚሠራ ከሆነ ምን ዕድል እንዳለ ጊዜው ሳያልፍ ጠይቁ።

ሥራ እየሠራችሁ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ የምትማሩ፣ ለቴሲሱ የዓመት ፈቃዳችሁን አስቀምጡ። በሠርግና በለቅሶ እንዳያልቅ ከቤተሰብ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ዲፌንስ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ አይለያይም። ዳታው ከየት መጣ? ለምን ይህ ሞዴል? ውጤቱ በሌላ ምክንያት የመጣ ቢሆንስ? ለሦስተኛው አንድ ስላይድ አዘጋጁ። ድክመቱን ራሳችሁ ስታነሱት ፈታኙ ሊያግዛችሁ ይጀምራል። ሲያልቅ ዱ ፋይሉንና ዳታውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። መጠይቅ ያስሞላችሁበት ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም የቴሲሱን አንድ ኮፒ አድርሱ። ዋናዎቹን ውጤቶች በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከፊት አያይዙት፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ተማሪ ደብዳቤ የሚጽፉት እነሱ ናቸው።