የሊፍት ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ፍኖተ ሰላም ላይ የ12ኛ ክፍል ልጆችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። ብዙዎቹ ሊፍት ገብተው አያውቁም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መግባትም የግድ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ጎበዞቹ ሳይቀሩ አንድ ቦታ ላይ መውደቃቸው ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው እንበል። ሊፍቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ነው። ውስጡ ሚዛን ላይ የቆመ 50 ኪሎ ሰው አለ። ሚዛኑ ስንት ያነባል? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «600 ኒውተን!» ይላል። ለምን ስትሏቸው «ወደ ላይ እየሄደ ነዋ!»

ኧረ ልጆች! የሚሄድበትን አቅጣጫ ተዉት። የሚፈለገው የአክስለሬሽኑ፣ ማለትም የፍጥነቱ ለውጥ፣ አቅጣጫ ነው። ፍጥነቱ እየጨመረ ከሆነ አክስለሬሽኑ ወደሚሄድበት ነው፣ እየቀነሰ ከሆነ ወደ ተቃራኒው። ሰውየው ላይ ያሉት ፎርሶች ሁለት ብቻ ናቸው። ግራቪቲን 10 ካልን መሬት በ500 ኒውተን ወደ ታች ትስበዋለች፣ ሚዛኑ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። የምናነበው ይህን የሚዛኑን ግፊት ነው። ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ፍጥነቱ እንዲቀንስ የታችኛው ስበት መብለጥ አለበት፤ የሚበልጠውም 50 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 100 ኒውተን ነው። መልሱ 400 ነው። ሊፍቱ እየወረደ ሊቆም ሲል ደግሞ 600 ያነባል፣ ወደ ታች እየሄደም ቢሆን።

ካላመናችሁ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚመዘንበትን ባለ ስፕሪንግ ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋሱ። 2 ኪሎ ድንች አንጠልጥሉና ድንገት ብድግ አድርጋችሁ ደረታችሁ ጋ ስትደርሱ አቁሙት። መርፌው መጀመሪያ 2ን አልፎ ይዘላል፣ ልትቆሙ ስትሉ ግን ከ2 በታች ይወርዳል። አንዷ ተማሪዬ ይህን ስታይ «ቲቸር፣ ሳይወርድ ቀነሰ እኮ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ስታ አታውቅም።

የሊፍቱ ፍጥነት ቋሚ ከሆነ ንባቡ 500 ነው፤ ቢወጣም ቢወርድም።

«የሊፍቱ ገመድ ሲበጠስ የሰውየው ክብደት ዜሮ ይሆናል» ብሎ መጻፍም አለ። ዜሮ የሚሆነው የሚዛኑ ንባብ ነው፤ መሬት በ500 ኒውተን መሳቧን አታቆምም። የሃይላንድ ጠርሙስ ታችኛው ጎኑ ላይ ብሱና ውሃ ሙሉት፣ ክዳኑን ክፍት ተዉት። ውሃው ይፈሳል። ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ እስኪያርፍ ድረስ መፍሰሱን ያቆማል። ጠርሙሱና ውሃው እኩል ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ጠፈርተኞችም የሚንሳፈፉት ለዚህ ነው እንጂ እዚያ ያለው ግራቪቲ መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ያህሉ ነው። ሊፍት ይወድቃል ብላችሁ የምትፈሩ ደግሞ አይዟችሁ፦ የሊፍት መውደቅ መከላከያ ፍሬን የፈለሰፈው ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 እንደ ፈረንጆቹ ኒው ዮርክ ላይ የቆመበትን መድረክ ገመድ ሰው ፊት አስቆርጦ ፍሬኑ ሲይዘው አሳይቷል።

ማስ (እዚህ 50 ኪሎው) ሲባዛ በአክስለሬሽንን እንደ ሦስተኛ ፎርስ ቀስት አድርጋችሁ አትሳሉት። እሱ የሁለቱ ፎርሶች ልዩነት ውጤት ነው። ከሳላችሁት ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁት ማለት ነው።

ክብደትና ኖርማል ፎርስን (የሚዛኑን ግፊት) «አክሽን ሪአክሽን»፣ ማለትም ሁለት አካላት እርስ በርስ የሚለዋወጡት እኩልና ተቃራኒ ጥንድ፣ የምትሉም አላችሁ። ቢሆኑ ኖሮ ሁልጊዜ እኩል ይሆኑ ነበር፣ የሊፍት ጥያቄ የሚባልም አይኖርም ነበር። ጥንድ ፎርሶች የሚያርፉት ሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው፤ እነዚህ ግን ሁለቱም ያረፉት አንድ ሰው ላይ ነው። የመሬት ስበት ጥንድ ሰውየው መሬትን የሚስብበት ፎርስ ነው።

የቀረው ገመዱ ነው። ስለ ገመዱ ውጥረት ስትጠየቁ የሰውየውን 50 ኪሎ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ገመዱ የሚያነሳው ሁሉንም ነው። ሊፍቱ 700 ኪሎ ከሆነና በዚያው በ2 አክስለሬሽን ወደ ላይ ፍጥነት እየጨመረ ከሆነ፣ 750 ሲባዛ በ12 (10 ሲደመር 2)፣ 9,000 ኒውተን። የሰውየው ሚዛን ግን 600 ነው።